ከፍሪጁ ሥር

ቅዳሜ ከሰዓት፤ ሶሐር ላይ ቅጠል አይነቃነቅም፣
ባሕሩ እንኳ ሙቀቱ ከብዶት፣ ድንጋይ ገፍቶ አይጮኽም።
ሚርተ፣ የሰባት ዓመቷ፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ
መቀስ ይዛ ቃል ትቆርጣለች፣ በጣቷ ለክታ ለክታ።
አባቷ ወደብ ቆፋሪ ነው፤ አሸዋ ከባሕር ሆድ የሚያወጣ፣
«ልጄ ቋንቋዬን እንዳትረሳ» ብሎ የቤት ሥራ ያመጣ።

ቃሉ ረዥም ነው። ከሽንኩርት መክተፊያዬ ይረዝማል።
ሌቨንስሚደለንዊንከል፦ ባንድ ትንፋሽ ማን ይዘልቀዋል?
«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት፣ እንባዬን በክንዴ እየጠረግሁ፣
የሽንኩርት ነው፤ ለሌላው እንባ ጊዜ መች አገኘሁ!
«ሱቅ ነዋ፣ የምግብ ሱቅ!»
ብላ ሦስት ቦታ ከፈለችው፣ ሳትራራ፣ ሳትሳቀቅ።

አንዱ ቁራጭ፣ ሕይወት።
ሁለተኛው፣ መላ። «ዘዴም ነው፣ መድኃኒትም ነው» አለችኝ።
ሩዝ የሕይወት መላ፣ ምስር የሕይወት መላ፣
ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ጨዉ...
ሆላንድኛዋ፣ ሳታውቀው፣ አማርኛ አወራችኝ።
ሦስተኛው ሱቅ። እናቷ ግን፣ «ቃሉ ድሮ ጥግ ነበረ፤
ነጋዴ ጥግ ይዞ ሲሸጥ፣ ጥጉ ሱቅ ሆኖ ቀረ»
አለች ከሳሎን፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።
ጥግ መያዝ እኔም አውቃለሁ። ዝም አልኩ፣ ሽንኩርቱ እስኪበስል።

«ባንቺስ ቋንቋ፣ ሉባባ?»
ቆጠርኩላት በጣቶቼ፦ ዳቦ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣
ጁስ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ባቲ ገበያ ዳር ያለው ሻይ ቤት።
ሳቀች። «እናንተ ጋ ሁሉም ነገር ቤት አለው ማለት ነው?»
«አዎ» አልኳት፣ «ሥጋውም፣ ዳቦውም ባለቤት ነው።»
ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ያለሁት
እኔ ብቻ መሆኔን ግን፣ ለልጅ ምን ብዬ ልንገራት?

ማታ ድንብላል ጎደለና፣ ሻርፔን ጣል አድርጌ ወጣሁ።
እዚህ ሱቁን በቃላ ይሉታል፤ የመጣሁ ሰሞን ደንግጫለሁ፤
«በቃላ!» ሲሉኝ ያሰናበቱኝ መስሎኝ ሻንጣዬን ፈልጌያለሁ።
ኋላ ግን ኩንሂ ሙሐመድ፣ የማላባሩ ባለ ሱቅ፣
«ቅጠል ነው ሥሩ» አለኝ፣ «ከመሬት የሚል ብቅ።»
በቀለ! የጎረቤታችን ስም፤ ብቅልም ቤተ ዘመዱ፤
ባቄላም ሳትዛመደው አትቀርም፣ ቢርቅም መንገዱ።
ኩንሂ ስሜን ያውቃል። የዱቤ ደብተሩ ላይ ግን
የሚጽፈኝ «ቪላ አሥራ አንድ» ብሎ ነው።
እዚያ ገጽ ላይ፣ እኔም ቤት ነኝ።

ሰኞ ስጠርግ፣ ከፍሪጁ ሥር አንዲት ቁራጭ ወጣች፣
እንደ መንጠቆ የተቆለመመች፣ ካቧራ ጋር የተጣበቀች።
ቅዳሜ ከመቀሱ አምልጣ ወድቃ ኖሯል፣ ሳናያት፤
በሕይወትና በመላ መካከል የነበረችው «ስ» ናት።
«ሚርተ፣ ይቺስ ምን ማለት ናት?»
«እሷ? ምንም። ለብቻዋ ትርጉም የላት።
ማጣበቂያ ናት፤ ሁለቱ እንዳይለያዩ ትይዛለች»
አለችና ወደ ካርቱኗ ሮጠች።

ምንም።

ጥራጊውን ደፋሁ። እሷን ግን አልደፋኋት፤
ሽርጤ ኪስ ውስጥ፣ ከሐዋላው ደረሰኝ ጋር አጠፍኳት።
ይሄኔ ባቲ ላይ እናቴ፣ ብሩን ከመቀነቷ ፈትታ፣
ዱቄት ታስመዝናለች ጥጉ ጋ፣ ሚዛኑን አፍጥጣ አይታ።